ለገሃር አካባቢ የወሰድኩት የማታ የፕሮጀክት ማኔጅመንት ስልጠና ብሩን ያወጣል ወይ?

ሰሞኑን "ያ የተማርከው የፕሮጀክት ማኔጅመንት ነገር እንዴት ነው፣ ልመዝገብ ወይ" የሚለኝ ሰው ስለበዛ አንዴ ዘርዝሬ ጽፌው ልገላገል። ከለገሃር ወደ ስታዲየም በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት ህንጻዎች በአንዱ ውስጥ ስራ ላይ ላለ ሰው ተብሎ የሚሰጥ ስልጠና ነው፣ የማታና የቅዳሜ ፈረቃ አለው። የማሰልጠኛውን ስም አልጠራም፣ አንደኛ የምወቅሰው ነገር አለኝ፣ ሁለተኛ ደግሞ ከካዛንቺስ እስከ ሜክሲኮ ድረስ ቁርጥ አንድ አይነት ማስታወቂያ የለጠፈ ማሰልጠኛ ስለሞላ ከምጽፈው ውስጥ አብዛኛው ሌሎቹ ጋም ስትሄዱ ይጠቅማችኋል። እኔ ኮንትራክተር ጋ ኦፊስ ኢንጂነር ነኝ፣ ስለዚህ ምሳሌዬ ሲሚንቶ ሲሚንቶ ቢል አትፍረዱብኝ።

ባጭሩ ለሚፈልግ፦ ዋናው አስተማሪ ከ10 10 ነው፣ ቢሮው ግን 5 ከሰጠሁት ቸርነት ነው። ለስራችሁ ከሆነ ሂዱ። "ፒኤምፒ የሚባለውን የፕሮጀክት ማናጀርነት ሰርተፊኬት ላገኝ ነው" ብላችሁ ከሆነ ግን ቀጥሎ ያለውን አንብባችሁ ሂዱ።

ማስታወቂያው ላይ ከስልጠናው ስም ይልቅ ፒኤምፒ የሚለው ነው በትልቁ የተጻፈው፣ ከስሩ "ሰርተፋይድ ይሁኑ" ይላል። እንግዲህ ፒኤምፒ የሚባለውን የሚሰጠው ፒኤምአይ የሚባል በ1969 በፈረንጅ አሜሪካ የተቋቋመ ድርጅት ነው እንጂ ለገሃር ያለ ማሰልጠኛ አይደለም። ለፈተናው ለመቀመጥ የ4 አመት ዲግሪ ካላችሁ 36 ወር ፕሮጀክት የመራችሁበት ልምድ ያስፈልጋል፣ "ፕሮጀክት ላይ ነበርኩ" ሳይሆን መርቻለሁ የሚባል ልምድ ነው፣ በዛ ላይ 35 ሰዓት የፕሮጀክት ማኔጅመንት ትምህርት። ይሄ ስልጠና የሚሸጥላችሁ እንግዲህ ያቺን 35 ሰዓት ነው። ከዛ ራሳችሁ ፒኤምአይ ድረገጽ ላይ ታመለክታላችሁ፣ አንዳንዱ ማመልከቻ ለኦዲት ይወጣል፣ ያኔ የስልጠና ወረቀታችሁንና የድሮ አለቆቻችሁን ማረጋገጫ አምጡ ትባላላችሁ፣ ከዛ 180 ጥያቄ ወደ 4 ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ በእንግሊዝኛ ቁጭ ብሎ መስራት አለ። በአማርኛ አይሰጥም። ቢታለፍም በየ3 አመቱ 60 ፒዲዩ የሚባል ነጥብ ሰብስባችሁ ታሳድሱታላችሁ። ማሰልጠኛው መጨረሻ ላይ የሚሰጣችሁ ወርቃማ ማህተም ያለበት ወረቀት "ተከታትሏል" የሚል ነው፣ ሲቪ ላይ ፒኤምፒ ብላችሁ እንዳትጽፉት፣ ፒኤምአይ ስም አስገብቶ የሚጣራበት ዝርዝር አለው፣ ቀጣሪው በደቂቃ ውስጥ ያውቃል።

እሺ ይሄን ለምን በግልጽ አይናገሩም? ምዝገባ ላይ ያለችው ልጅ እኮ ትሁት ናት፣ ሻይ ሁሉ ትጋብዛለች፣ ግን ከጎኔ ቆሞ የነበረ ልጅ "እህቴ፣ ስጨርስ ፒኤምፒ እሆናለሁ ማለት ነው?" ሲላት "አዎ ወንድሜ፣ ሰርተፊኬት ይሰጣል" አለችው። አልዋሸችም፣ ግን እውነቱንም አልነገረችውም። ልጁ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ገና አመት አልሞላውም፣ 36 ወሩ ከየት ይመጣል? ለሱ የሚሆነው እኮ ካፕም የሚባለው የፒኤምአይ የጀማሪዎች ሰርተፊኬት ነው፣ የስራ ልምድ አይጠይቅም፣ 23 ሰዓት ትምህርት ይበቃዋል። ይሄን የነገረው ትምህርት ከተጀመረ በኋላ አስተማሪው ነው፣ ያኔ ደግሞ ብሩ ተከፍሏል።

35 ሰዓቷ ላይም አንድ ቅሬታ አለኝ። ፕሮግራሙ ላይ ማታ ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ይላል፣ ግን 12 ሰዓት ላይ ክፍል ውስጥ ያለው ሰው በጣት ይቆጠራል፣ ሁሉም ከስራ ነው የሚመጣው፣ መንገዱ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ከቦሌ ወይ ከሳሪስ የሚመጣ ሰው መስቀል አደባባይ ጋ ቆሞ ነው ሰዓቱ የሚያልፈው። አስተማሪው ትንሽ ይጠብቃል፣ መሃል ላይ የሻይ እረፍት አለ፣ ሻዩ ስር ወሬ ይደራል፣ ይሄ ሁሉ 35 ሰዓቱ ውስጥ ተቆጥሯል። ሻይ እየጠጣሁ ያለፈው ጊዜ "ኮንታክት አወር"፣ ማለትም ክፍል ውስጥ የተማርኩት ሰዓት፣ ከሆነ እኔ ሳይት ላይ ፒኤችዲ ይዣለሁ ማለት ነው።

የሚያድሉት ጥራዝ ደግሞ ያረጀ ነው። ውስጡ ያለው የሙከራ ፈተና ባለ 200 ጥያቄ ነው፣ ፈተናው ከ2021 በፈረንጅ መጀመሪያ ጀምሮ ወደ 180 ወርዶ ይዘቱም ተቀይሯል፣ ግማሽ አካባቢው አጃይል (ስራን በአጭር በአጭሩ ከፍሎ እያሻሻሉ መሄድ) እና ሃይብሪድ (እሱን ከድሮው አሰራር ጋር መቀላቀል) ሆኗል። ጥራዙ ግን አሁንም በ49ኙ ፕሮሰሶች፣ የድሮው የፒኤምአይ መጽሐፍ በዘረዘራቸው የስራ ሂደቶች፣ ሰንጠረዥ የተሞላ ነው፣ ኢንፑት፣ ቱልስ፣ አውትፑት እያለ ገጽ በገጽ። ሰንጠረዡ አይጠቅምም እያልኩ አይደለም፣ ስራን በቅደም ተከተል ለማሰብ አሪፍ ነው፣ ግን ለፈተና የሚዘጋጅ ሰው ይሄን ሸምድዶ ቢቀርብ ጉድ ይሆናል። ለቢሮ ነግረን "በሚቀጥለው ዙር እናሻሽላለን" አሉን። የሚቀጥለው ዙር ለኛ ምን ያደርግልናል?

አሁን ወደ ጥሩው ልምጣ፣ ጥሩው ከመጥፎው ይበልጣል እኮ።

ዋናው አስተማሪ መንገድም ህንጻም ፕሮጀክት ላይ አመታት የሰራ ሰውዬ ነው፣ አሁንም ቀን ቀን ስራ ላይ ነው፣ ሁላችንም ኢንጂነር ነው የምንለው። ስላይድ አያነብም። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ "ሁላችሁም አሁን እየሰራችሁት ያለ አንድ ፕሮጀክት አምጡ፣ እስከ መጨረሻው በሱ ነው የምንማረው" አለን፣ ከዛ በኋላ የቤት ስራው ሁሉ የራሳችን ስራ ሆነ። ለእኔ ስልጠናው ብሩን ያወጣው እዚህ ጋ ነው። ማታ የምትሰራው የቤት ስራ ጠዋት ቢሮ የሚጠብቅህ ስራ ከሆነ ድካሙ ራሱ ይቀንሳል።

ክሪቲካል ፓዝን፣ ማለትም የፕሮጀክቱን ማለቂያ ቀን የሚወስነውን ረጅሙን የስራ መስመር፣ ያስተማረበትን ልንገራችሁ። አንድ ባንክ ውስጥ የሚሰራ ልጅ ያመጣው ፕሮጀክት አዲስ ቅርንጫፍ መክፈት ነበር፦ ቤት መከራየት፣ እድሳት፣ ኔትወርክ ማስገባት፣ ካዝና፣ ጀነሬተር፣ ሰው መቅጠር፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ ፈቃድ። ኢንጂነር "የቱ ነው የሚያጓትታችሁ?" አለ፣ ሁላችንም ባንድ ድምጽ "እድሳቱ!" አልን፣ ልጁ ራሱ አለቆቹ በየሳምንቱ የሚጨቀጭቁት እድሳቱን ነው አለ። ከዛ ነጩ ሰሌዳ ላይ ስራዎቹን በሳጥን እየሳለ ማን ማንን ይጠብቃል እያለ አያያዘን፣ ከፊት ወደ ኋላ፣ ከዛ ከኋላ ወደ ፊት ቀኑን ደመርን ቀነስን፣ ለካ ረጅሙ መስመር ጀነሬተሩ ነው። ኤልሲ (እቃ ለማስመጣት ባንክ የሚከፍተው የክፍያ ዋስትና) ለመክፈት ወረፋ፣ ከዛ መርከብ፣ ከዛ ጂቡቲ፣ ከዛ ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ ከዛ ተከላ። እድሳቱ እንዲያውም ፍሎት የሚባል የሳምንታት ትርፍ ጊዜ አለው፣ ቢዘገይም የመክፈቻው ቀን አይነካም። ልጁ ዝም ብሎ ሰሌዳውን አየና "እኛ እኮ ቀለም ቀቢውን ነው ስንጨቀጭቅ የከረምነው" አለ፣ ክፍሉ በሳቅ ሞተ።

እዛው ላይ የጊዜ ግምቱን አስተካክሎ ሰራው። ጉምሩክ ላይ እቃው ስንት ቀን ይቆያል ሲለን አንዱ 10 አለ፣ ሌላው ወር ከምናምን አለ። ነገሩ ሁሉ ቢሳካ 10 ቀን፣ እንደወትሮው ቢሆን 16፣ ቢከፋ 46 እንበል አለና፣ መካከለኛውን በ4 አባዝተን ከሁለቱ ጋር ደምረን ለ6 አካፈልን፣ 20 ቀን መጣ። ይሄ ፐርት የሚባለው ነገር የአሜሪካ ባህር ሃይል በ1950ዎቹ መጨረሻ ፖላሪስ ለተባለው ሚሳኤል ፕሮግራሙ ያወጣው ነው አለን፣ ለሚሳኤል የሰራ ለሞጆም ይሰራል ብሎ አለፈ። ከዛ ቀን ጀምሮ ቢሮ ውስጥ "ስንት ቀን ይፈጃል" የሚለኝን ሰው ሶስት ቁጥር ነው የምሰጠው፣ አለቃዬ ተማሯል።

ኤምኤስ ፕሮጀክት በሚባለው የስራ መርሃ ግብር ማውጫ ሶፍትዌር ላይ የሰራነው ልምምድም በጣም ጠቅሞኛል፣ በተለይ የካላንደሩ ነገር። ፕሮግራሙ የኢትዮጵያን አቆጣጠር አያውቅም፣ ጳጉሜን አያውቃትም። ሳይነካ ሲከፈት ደግሞ ከሰኞ እስከ አርብ ነው ስራ ብሎ የሚያስበው፣ እኛ ሳይት ላይ ቅዳሜም እንሰራለን፣ ይሄን ሳያስተካክል ስኬጁል አውጥቶ ለአማካሪ መሃንዲሱ የሚያስገባ ስንት ሰው አለ መሰላችሁ። ኢንጂነር መጀመሪያ ያሰራን የራሳችንን ካላንደር መፍጠር ነው፦ እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀት፣ አድዋ፣ ስቅለት እያልን በፈረንጅ ቀን እየቀየርን አስገባን፣ ኢድ አልፈጥርና አረፋ በጨረቃ ስለሆኑ በግምት ይዛችሁ ሲቃረብ አስተካክሉ አለን። ከዛ ክረምቱ መጣ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የአፈር ቆረጣና የመሰረት ስራ እንደ ግንቦት እኩል ይሄዳል ብሎ ያቀደ ሰው እቅድ ሳይሆን ምኞት ነው የጻፈው አለ፣ ለነዚህ ወራት ለብቻቸው የስራ ቀን ቀንሰን ሰጠናቸው። ሶሌታ (የወለል ኮንክሪት) ከተሞላ በኋላ ድጋፉ እስኪነሳ ያለውን መጠበቂያ ደግሞ ራሱን የቻለ ስራ አድርገን አስገባነው፣ እሱ ደግሞ እሁድም በዓልም አይልም፣ ኮንክሪት ጥምቀት ላይም ይደርቃል። እንደዚህ አይነት ነገር የትም ቪዲዮ ላይ አታገኙትም።

ኧርንድ ቫልዩ፣ የተሰራውን ስራ በብር ለክቶ ከእቅዱና ከወጪው ጋር የማወዳደር ዘዴ ላይ ነው ክፍሉ ሁለት ቦታ የተከፈለው፣ ሂሳብ የሚፈራ ሰው እዚህ ጋ ይጨነቃል፣ ግን ቁጥሩ ቀላል ነው። 40 ሚሊዮን ብር የተያዘለት ስራ አለ እንበል። እስከ ዛሬ 20 ሚሊዮን የሚያወጣ ስራ መሰራት ነበረበት፣ መሬት ላይ ያለው ስራ ሲለካ ግን የ16 ሚሊዮን ነው፣ ከኪስ የወጣው ደግሞ 18 ሚሊዮን። 16ን ለ20 ስታካፍሉ 0.8፣ ከጊዜ ወደኋላ ቀርታችኋል። 16ን ለ18 ስታካፍሉ 0.89 ገደማ፣ ለእያንዳንዷ ያወጣችኋት ብር 89 ሳንቲም ስራ ነው ያገኛችሁት። በዚሁ ከቀጠለ ስራው በ40 ሳይሆን በ45 ሚሊዮን ነው የሚያልቀው። ፋይናንስ ክፍል ግን 20 ይዘን 18 ነው ያወጣነው፣ 2 ሚሊዮን አትርፈናል ብሎ ደስ ብሎት ተቀምጧል!

እኔ እጄን አውጥቼ "ኢንጂነር፣ እዚህ አገር እኮ የሲሚንቶና የፌሮ ዋጋ መሃል ላይ ይቀየራል፣ ያኔ ይሄ ቁጥር ይዋሻል" አልኩት። ጥያቄው ጥሩ ነው አለና ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሬው ነገር ሲለቀቅ፣ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ 100ን ሲሻገር የነበረውን አነሳ። ከውጭ የሚገባ እቃ ያለበት ፕሮጀክት ሁሉ በአንዴ ቀይ ሆነ፣ ግን ያ ቀይ የሳይት ኢንጂነሩ ስንፍና አልነበረም። ስለዚህ ወጪውን ሁለት ቦታ ክፈሉት አለ፣ ከዋጋ የመጣውን ለብቻ፣ በብዛት የባከነውን ለብቻ፣ አንዱን ለዋጋ ማስተካከያ ጥያቄ ትጠቀሙበታላችሁ፣ ሌላኛውን ለራሳችሁ ሰዎች ትጠይቁበታላችሁ። ይቺን አንድ ነገር ብቻ ይዤ ብወጣም አይቆጨኝም ነበር።

የክፍሉ ስብጥርም ራሱ ትምህርት ነው። ባንክ፣ ኤንጂኦ፣ ሶፍትዌር፣ መንግስት መስሪያ ቤት፣ ኮንስትራክሽን፣ ሁሉም አለ። የኤንጂኦዎቹ ልጆች ሎግፍሬም፣ ኢንዲኬተር እያሉ ሲያወሩ እኛ ኮንስትራክሽኖቹ እንስቃለን፣ እኛ ቫሪዬሽን፣ ክሌም ስንል እነሱ ያፈጣሉ። አንድ ጡረታ የተቃረቡ ሰው ነበሩ፣ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው፣ ስቴክሆልደር (ፕሮጀክቱ የሚመለከታቸው ሰዎችና አካላት) የተማርን ቀን ኢንጂነር ያቺን ስልጣንና ፍላጎት የሚለውን አራት ሳጥን ስሎ "ወረዳውን የት እናስቀምጠው?" ሲል ጋሼ ቀስ ብለው "ልጄ፣ ወረዳውን ተወው፣ የጥበቃውን አለቃ የት እንደምታስቀምጠው ንገረኝ፣ በሩን የሚከፍተው እሱ ነው" አሉት። ከዛ የመንገድ ቁፋሮ ላይ ውሃው፣ ቴሌው፣ መብራቱ በየተራ እየመጡ አንዱ የሞላውን ሌላው የሚቆፍርበትን ታሪክ አመጡ፣ ሰዓቱ እንዴት እንዳለቀ አላወቅንም። ክፍል ውስጥ እንደሳቸው አይነት ሰው ከገጠማችሁ ከጎናቸው ተቀመጡ።

አጃይል ግን... ኧረ ተዉኝ። ለሱ ሌላ አስተማሪ ነው ያመጡት፣ ወጣት ልጅ ነው፣ ክፋት የለበትም፣ ግን ስላይዱን ከላይ እስከታች አነበበልን። በ2001 በፈረንጅ 17 ሰዎች ዩታ ተሰብስበው ማኒፌስቶ ጻፉ፣ 4 እሴት፣ 12 መርህ፣ ስክረም ማስተር፣ ፕሮዳክት ኦነር፣ አለቀ። ከኋላ የተቀመጡት የሶፍትዌር ልጆች ከሱ የበለጠ ያውቃሉ፣ በየቀኑ ስፕሪንት በሚባለው የአጃይል አጭር የስራ ዙር ውስጥ ናቸው፣ አንዷ ለምሳሌ ደንበኛው ዋጋውና የስራው መጠን አስቀድሞ የታሰረበት ጨረታ አውጥቶ አሰራሩን ግን አጃይል አድርጉት ሲል ውሉ እንዴት ይጻፋል ብላ ጠየቀችው፣ በጣም ትክክለኛ የአዲስ አበባ ጥያቄ ነው፣ "እሱን በኋላ እናየዋለን" አላት፣ በኋላ የሚባል ነገር አልመጣም። ፈተናው ግማሹ ወደዚህ በሄደበት ጊዜ ይሄን ክፍል እንደ ትርፍ ነገር መያዝ ትልቅ ድክመት ነው። ሶፍትዌር ላይ የምትሰሩ ከሆነ እዚህ ጋ ብር አታባክኑ።

ቦታውን በተመለከተ ብዙም የሚባል የለም። ሊፍቱ አንዳንዴ ይሰራል። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር አላቸው ግን ፕሮጀክተሩን ብቻ ነው የሚያነሳው፣ የልምምድ ኮምፒውተሮቹ ይጠፋሉ፣ ስለዚህ ላፕቶፕ ያላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሴቭ እያደረጋችሁ ስሩ። ሻዩ ቅርንፉድ አለው፣ ሳምቡሳው ይበላል። ሽንት ቤት ውሃ ሲኖር ንጹህ ነው።

ዋጋውን እዚህ ብጽፍ ትርጉም የለውም፣ በየዙሩ ይጨምራል፣ ግን ለደሞዝተኛ የሚከብድ ነው፣ በሁለት ዙር መክፈል ይቻላል፣ መስሪያ ቤታችሁ የስልጠና በጀት ካለው ደብዳቤ አጽፉ፣ እኛ ክፍል ግማሹ በመስሪያ ቤቱ ነው የመጣው። ፈተናውን ለመፈተን የሚከፈለው ደግሞ ለብቻው ነው፣ በዶላር፣ በውጭ ምንዛሬ የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል፣ ይሄንንም ማስታወቂያው ላይ አታገኙትም።

"ለምን ኦንላይን አልማርም" ለሚል፣ ይቻላል። ኮርሴራ ላይ ጉግል ያዘጋጀው የፕሮጀክት ማኔጅመንት ኮርስ አለ፣ ለጀማሪ ጥሩ ነው፣ መክፈል ለማይችል የገንዘብ ድጋፍ ማመልከትም ይቻላል። ራሱን አስገድዶ የሚያነብ ሰው ከሆነ 35 ሰዓቱን ለመሙላት ለገሃር ድረስ መምጣት አያስፈልገውም። የለም እኔ የምፈልገው ለእድገት የሚያዝልኝ ወረቀት ነው የሚል ደግሞ፣ በተለይ መንግስት መስሪያ ቤት ያለ፣ ማስተርሱን ቢያስብበት ይሻላል፣ ሰንጋተራ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ስራ ትምህርት ቤት፣ ኮሜርስ የምንለው፣ በፕሮጀክት ማኔጅመንት ማስተርስ አለው። እሱ ግን የመግቢያ ፈተና አለው፣ መመረቂያ ጥናት አለው፣ ሌላ ትግል ነው።

ለመመዝገብ ከወሰናችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ማነው የሚያስተምረው፣ ጥራዙ የየትኛው አመት ነው። የመጀመሪያው ላይ "ልምድ ያላቸው አሰልጣኞች" ብለው ከመለሱላችሁ ስም አስነግሩ፣ ሌላ ፈረቃ ላይ ሌላ ሰው ነው የሚያስተምረው ተብያለሁና። ክፍል ገብታችሁ አንድ ቀን በነጻ እንድታዩም ይፈቅዳሉ፣ ካልጠየቃችሁ ግን አይነግሯችሁም። ከቻላችሁ ደግሞ የቅዳሜውን ያዙ፣ ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ከዛ ወጥቶ ለአያት ወይ ለጀሞ የታክሲ ሰልፍ መያዝ ሌላ ፕሮጀክት ነው፣ ለሱ ፍሎት የለውም።